«ሐረር» የሚለው ስም ሲያከራክር፦ የስታርባክስ ጉዳይ እንደ ማሳመኛ ጽሑፍ ሲነበብ

በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥትና ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካዋ ሲያትል የሚገኘው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ በሦስት የቡና ስሞች ምክንያት ተፋጠጡ፤ ሐረር፣ ሲዳሞ እና ይርጋጨፌ። አንደኛው ወገን በዚያን ጊዜ በዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ የነበረው ኩባንያ ነው። ሌላው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱን ካቋቋመ ገና ጥቂት ዓመታት የሆነው አገር ነው። ክርክሩ በዳኛ ፊት አልተቋጨም። የተቋጨው በጋዜጣ ዐምድ፣ በኢሜይል፣ በፋክስ፣ በፖስታ ካርድና በቪዲዮ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በሕግና በንግድ ትምህርት ቤቶች ብዙ ተብሏል፤ የንግድ ምልክት መብት ማስተማሪያ ሆኗል። እኔ የማነሳው በሌላ በኩል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለማስታወቂያ ጸሐፊነት ለሚሠለጥኑ ወጣቶች፣ የአጻጻፍ ስልት በገንዘብና በሕግ ላይ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስለ አንድ ዓይነት ቡና የተለያዩ ወገኖች በተለያየ ቋንቋ ተናገሩ፤ ሕዝብ የሰማው ግን አንደኛውን ነው። ያ ለምን እንደሆነ በዝርዝር ማየት ይገባል። ድሉ ምን እንዳላስገኘልን ማየትም እንዲሁ፤ ምክንያቱም እዚህ በምሥራቁ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ቡናውና ስሙ

የሐረር ቡና በሐረር ከተማ አይበቅልም። በጀጎል ግንብ ውስጥ ይቆላል፣ ይሸጣል፣ ይጠጣል፤ የሚለቀመው ግን በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በጨርጨር ተራሮች ላይ ካሉ አነስተኛ የገበሬ ማሳዎች ነው። አይታጠብም፤ ከነገለፈቱ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ይበጠራል፣ በእጅ ይለቀማል፣ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ቆላ ላይ ከደረሰ ጀምሮ የዚህ ቡና መጋዘን ድሬዳዋ ናት፤ የምርት ገበያ ከመምጣቱ በፊት የአገሪቱ የቡና ጨረታ የሚካሄደው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር። ስለዚህ «ሐረር» የአንድ ማሳ ስም አይደለም። ከተራራው ገበሬ እስከ ወደቡ ድረስ ያለው የንግድ መንገድ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው።

ያም ሆኖ ይህ ቡና ለረጅም ዘመን በራሱ ስም አልተሸጠም። በዘይላና በዓደን በኩል እየወጣ በየመኑ የሞካ ወደብ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬም በውጭ ገበያ «ሞካ ሐረር» የሚል መጠሪያ ማየት እንግዳ አይደለም። ከስታርባክስ ጋር የተደረገው ክርክር ሲጀመር የሐረር ቡና በሌላ ስም የመጠራት ልምድ ነበረው ማለት ነው።

በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሦስቱን ስሞች የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ለአሜሪካ የባለቤትነትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት አመለከተ። «ሲዳሞ» ላይ እንቅፋት ገጠመው፤ ስታርባክስ አስቀድሞ «ሽርክና በፀሐይ የደረቀ ሲዳሞ» የሚል ስም ለራሱ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ያንን ማመልከቻ በኋላ ተወው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ደግሞ ስሞቹ እንዳይመዘገቡ ተቃውሞ አቀረበ። የተቃውሞው ፍሬ ነገር፣ ስሞቹ በንግዱ ዓለም የቡና ዓይነት መግለጫ ሆነው ስለተለመዱ አንድ ባለቤት ሊኖራቸው አይገባም የሚል ነበር። ይርጋጨፌ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ተመዘገበ። ሐረር ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። 

በከረጢቱ ላይ የሚናገረው ማን ነው?

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ክርክሩ የተነሣበትን ጽሑፍ ላንሳ፤ ይኸውም በቡና ከረጢት ላይ የሚታተመው አጭር መግለጫ ነው። የሐረር ቡና በውጭ አገር ሲተዋወቅ ደጋግመው የሚመጡ ቃላት አሉ። የብሉቤሪ ቃና አለው ይባላል፤ የወይን ጠጅ ጠረን፣ የቸኮሌት ጣዕም አለው ይባላል። ከእነዚህ ጎን «ጥንታዊ»፣ «የዱር»፣ «ብርቅ» የሚሉ ቅጽሎች ይሰለፋሉ።

የጣዕሙ መግለጫ ውሸት አይደለም፤ ቀማሾች በሙያቸው የሚጠቀሙበት ቋንቋ ነው። ነገር ግን ለማን እንደተጻፈ ልብ ይሏል። ብሉቤሪ በጨርጨር አይበቅልም። ቃሉ የተመረጠው ገዢው በልጅነቱ የሚያውቀውን ፍሬ እንዲያስታውስ ነው፤ ቡናው የሩቅ ሆኖ ሳለ በገዢው ምላስ ላይ የቤት ሰው ይሆናል። ቅጽሎቹ ደግሞ ተቃራኒውን ሥራ ይሠራሉ። ያቀረቡትን ቡና መልሰው ያርቁታል፣ በምሥጢር ይሸፍኑታል፣ ዋጋውንም ከፍ ያደርጉታል። ማቅረብና ማራቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ የማስታወቂያው ጉልበት ከዚያ ይወለዳል።

ሰዋስዉን ደግሞ እንይ። በእንዲህ ዓይነት መግለጫ ውስጥ ቡናው «ይበቅላል»፣ «ይመጣል»፣ «ያስደንቃል»። የሚኮተኩተው፣ የሚለቅመው፣ የሚያደርቀው ሰው ግሥ የለውም። ቢጠቀስ እንኳ እንደ ተራራው ሁሉ የመልክዓ ምድሩ አካል ሆኖ ነው። ይህ ተንኮል ሳይሆን ልማድ ነው። ሆኖም ልማዱ ውጤት አለው፤ አንባቢው ያላየው ሰው ስንት እንደሚከፈለው አይጠይቅም።

የተሟጋቾቹ ቋንቋ

በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ድህነትን የሚታገለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኦክስፋም በስታርባክስ ላይ ዘመቻውን ሲጀምር ያደረገው ነገር ቢኖር ለዚያ ለጠፋው ሰው ግሥ መስጠት ነው። የዘመቻው ዋና ዓረፍተ ነገር በመሠረቱ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያቆመ ነበር፤ ኩባንያው በአንድ ፓውንድ እስከ 26 ዶላር ከሚሸጠው ቡና ገበሬው የሚያገኘው ከ75 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው የሚል። ቅጽል የለም፤ «ግፍ» ወይም «ብዝበዛ» የሚል ቃል አያስፈልገውም። ፍርዱን አንባቢው ራሱ ይሰጣል፤ ሰው ደግሞ ከተሰጠው ፍርድ ይልቅ ራሱ የደረሰበትን ፍርድ አጥብቆ ይይዛል።

ከቁጥሮቹ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን የሚቀበለውን የፈቃድ ስምምነት ፈርሙ። የዓለም ንግድ ይሻሻል፣ ድህነት ይጥፋ አልተባለም። አንድ ኩባንያ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ፊርማ እንዲያኖር ተጠየቀ። ይህን የሠልጣኞቼ ትኩረት እንዲያርፍበት ሁልጊዜ የምለፋበት ነው፤ አንባቢ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ በአንድ ግሥ ካልተነገረው ልቡ ተነክቶ እጁ ሳይንቀሳቀስ ይቀራል።

ከሁሉ የረቀቀው ግን የደብዳቤዎቹ አድራሻ ነው። ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ለኩባንያው መልእክት ላኩ። የላኩት እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን እንደ ደንበኛ ነው። ስታርባክስ ለዓመታት ራሱን ያስተዋወቀው ቡናን በኅሊና የሚገዛ ኩባንያ አድርጎ ነበር፤ ለገበሬ ከገበያ በላይ እንደሚከፍል ይናገራል፣ የራሱ የግዥ ሥነ ምግባር መመሪያም አውጥቷል። ደንበኞቹ የጻፉት በዚያው ቋንቋ ነው፤ የጥያቄያቸውም መንፈስ «ከእናንተ የምገዛው እንዲህ ስላላችሁ ነው፤ ታዲያ ያላችሁት የት ደረሰ?» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመካድ ኩባንያው የራሱን ማስታወቂያ መካድ ነበረበት። የዘመቻው ጉልበት በቁጥሩ ብቻ እንዳልነበረ የማምነው ለዚህ ነው። ሌላ ኩባንያ፣ ርካሽ ቡና ብቻ እሸጣለሁ የሚል ኩባንያ፣ ይኸው ቁጥር ቢወረወርበት ትከሻውን ሰብቆ ባለፈ ነበር።

የኩባንያው መልስ

ስታርባክስ የመለሰው በሕግ አማካሪ ቋንቋ ነው። ለቦታ ስሞች የሚሻለው የንግድ ምልክት ሳይሆን የጂኦግራፊያዊ ምስክርነት ሥርዓት፣ ማለትም ምርቱ ከተጠራበት ቦታ መምጣቱ የሚመሰከርበት አሠራር ነው አለ። በራሱ ሲታይ ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው፤ በዓለም ላይ ስማቸው በዚህ መንገድ የተጠበቀ አይብና ወይን ጠጅ ብዙ ናቸው። ነገር ግን «ምስክርነት»፣ «ሥርዓት»፣ «ማዕቀፍ» በሚሉ ስሞች የተሞላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰው አይታይም። 26 ዶላርና 75 ሳንቲም ለሰማ አንባቢ እንዲህ ያለ መልስ፣ ትክክልም ቢሆን፣ መሸሽ ይመስላል። የቡና ጉዳይ ኃላፊው በቪዲዮ ቀርበው ሲያስረዱ ኦክስፋም በራሱ ቪዲዮ መለሰ። በኅዳር 1999 ዓ.ም. የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጂም ዶናልድ አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተገናኙ፤ በዚያ ስብሰባ ግን ነገሩ አልተቋጨም።

የኢትዮጵያ ወገን ለምስክርነት ሐሳቡ የሰጠው መልስ የዚህ ጉዳይ ምርጥ ጽሑፍ ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ጌታቸው መንግሥቴ ያስረዱት በጽንሰ ሐሳብ አልነበረም። ቡናው በ4 ሚሊዮን ገደማ ትናንሽ ማሳዎች ላይ እንደሚበቅል፣ አንዳንዱም በሰው እግር ረጅም መንገድ ተጉዞ ገበያ እንደሚደርስ፣ እያንዳንዱን ማሳ መመስከር የማይቻልና ከአቅም በላይ ውድ እንደሆነ ገለጹ። ይህን የሰማ ሰው ማሳውን ያያል፣ መንገዱን ያያል፤ «የምስክርነት ሥርዓት» የሚለው ሐሳብም ያለ ስድብና ያለ ቁጣ ክብደቱን ያጣል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን ይመሩ የነበሩት ታደሰ መስቀላም በውጭ መገናኛ ብዙኃን ፊት የገበሬው ድምፅ ሆኑ፤ ተሟጋቾቹ ያቆሙት ቁጥር ፊትና ስም ያለው ተናጋሪ አገኘ።

በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነቱ ተፈረመ። ስታርባክስ ስሞቹን ከኢትዮጵያ በሚሰጥ፣ ክፍያ በሌለው ፈቃድ ለመጠቀምና ቡናዎቹን ለማስተዋወቅ ተስማማ። ሲዳሞና ሐረር በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ተመዘገቡ።

ቁጥሩ ያልተናገረው

ስለ ዘመቻው የጽሑፍ ስልት ያለኝ አድናቆት ከልብ ነው፤ ስለዚህም ጉድለቱን መደበቅ አልፈልግም። 26 ዶላሩ የአንድ ልዩና ውስን ምርት ዋጋ ነው፤ ያም የሲዳሞ ቡና እንጂ የሐረር አልነበረም። ኩባንያው በየቀኑ የሚሸጠው ቡና ዋጋው ይህ አይደለም። ገበሬው የሚሸጠው ጥሬውን ነው፤ ሲቆላ ክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ማጓጓዣ፣ መቁላት፣ ማሸጊያ፣ የሱቅ ኪራይና ደመወዝ አለ። «እስከ» የሚለው ቃል ዓረፍተ ነገሩን ከሐሰት ያድነዋል፤ አንባቢው ግን «እስከ»ን ዘሎ 26ን ያስታውሳል። በየሱቁ «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» ሲባል እንደምናደርገው ማለት ነው። ማስታወቂያ ጸሐፊ ይህን ቃል ሲጠቀም ማን ምን እንደሚሰማ አውቆ ነው የሚጠቀመው፤ ለጽድቅ ዓላማ መሆኑ ኃላፊነቱን አያነሣለትም። እውነተኛው ልዩነት ራሱ በቂ አስደንጋጭ ነበርና የተለመደው የቡና ዋጋ ቢቀመጥም ክርክሩ አይወድቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከድሉ በኋላ

አገሪቱ ለሦስቱ ቡናዎች የጋራ መለያና አርማዎች አዘጋጀች፤ ወደ መቶ የሚጠጉ የውጭ ኩባንያዎች የፈቃድ ስምምነት ፈረሙ። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ጀመረ። ገበያው ለክፍያ አስተማማኝነትና ለዋጋ መረጃ የጠቀመው ነገር አለ። ለከረጢቱ ጽሑፍ ግን ከባድ ነገር አመጣ፤ ከተለያየ ማሳ የመጣ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚቀላቀል ገዢው «ሐረር» መሆኑን እንጂ የየትኛው ቀበሌ፣ የየትኛው ገበሬ መሆኑን ማወቅ አቃተው። የልዩ ቡና ገዢዎች ብዙ ተማረሩ። ምንጩ ሳይጠፋ ቡና ለመሸጥ የሚያስችለው ሰፊ ለውጥ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው።

እነዚያን ዓመታት ከማስታወቂያ ጸሐፊ ዓይን ስመለከታቸው እጅግ አዝናለሁ። ስሙ የእኛ መሆኑ በተረጋገጠ ማግሥት በስሙ ሥር የሚጻፍ ዝርዝር አልነበረንም። ዝርዝር የሌለው ጸሐፊ ወደ ቅጽል ይሄዳል፤ «ጥንታዊ»ና «ብርቅ» እንደገና ቦታቸውን ያዙ። በዚያው ዘመን በሐረርጌ ቡናውን እየነቀለ ጫት የሚተክለው ገበሬ ብዙ ነበር፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። የከረጢት ጽሑፍ ያንን ብቻውን ይለውጠዋል አልልም። ሆኖም ገዢ የበለጠ ለመክፈል ምክንያት የሚያገኘው ከዚያ ጽሑፍ ነው፤ እኛም እስካሁን ጽሑፉን ለሌሎች ትተነዋል።

ይህን ጉዳይ ካነበብን በኋላ ሠልጣኞቼ በአማርኛ የሐረር ቡና መግለጫ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጥራቱን የጠበቀ፣ ምርጥና ተወዳጅ የሐረር ቡና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ በተመጣጣኝ ዋጋ»። ያኔ «የሐረር ቡና» የሚለውን አውጥተው «ሳሙና» እንዲያስገቡበት እጠይቃቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድልበትም። «ሶፋ» ቢገባበትም አይጎድልበትም። በድምፅ ማጉያ መኪና በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በከዚራና በሳቢያን ስንሰማው የምንውለው አማርኛ አብዛኛው ከዚህ የተሠራ ነው፤ ጆሮ ለምዶታል፣ ስለዚህም አይሰማውም።

በቅርቡ አንዲት ሠልጣኝ፣ ቤተሰቧ በጨርጨር ቡና የሚያለማ፣ እንዲህ ጻፈች፦ «በጨርጨር ተራራ የበቀለ። ቀይ ፍሬ ብቻ ተለቅሞ ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ። በድሬዳዋ በእጅ የተለቀመ። ሳይቀዳ ጠረኑ የሚቀድም።» እዚህ ሰው አለ፤ ተራራ፣ ፀሐይ፣ እጅ አለ። ጽሑፉን ቡና ቆልተው ለሚሸጡ አንድ አረጋዊ ነጋዴ ይዘን ሄድን። ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ጣታቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ‹ብቻ› ያልሽውን አውጪው።»

«ለምን ሐጂ? ቀዩ ነው እኮ የሚለቀመው።»

«የእናንተ ማሳ ላይ ይሆናል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ዛፉ ላይ የደረቀውም አለበት። ድሮም እንዲህ ነው። ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ሲያነብ ይታዘበኛል።»

ትክክል ነበሩ። በሐረርጌ ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ እስኪደርቅ መተው የቆየ ልማድ ነው። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 759/2004 ባይኖር እንኳ ያ አንድ ቃል የቀረውን እውነት ሁሉ ያበላሽ ነበር። ሠልጣኟ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አስተካከለችው፦ «ከፊሉ በዛፉ ላይ፣ ከፊሉ በግቢው ፀሐይ የደረቀ።» እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን ወደድሁት። ለማሳመር የተመረጠ ስለማይመስል ይታመናል፤ የሐረር ቡና ከሌላው የሚለይበትንም ጣዕም ከየት እንዳገኘው ይጠቁማል።

ሐጂ ሌላም ጠየቁ፤ ጽሑፉ በኦሮምኛም እንዲታተም፣ ገበሬው ራሱ ስለ ቡናው የተባለውን አንብቦ ውሸት ካለበት እንዲናገር። የቀበሌው ስም ይጻፍ ሲባል ግን ዝም አሉ። መጋዘናቸው ውስጥ የብዙ ቀበሌ ቡና ይቀላቀላል፤ ለይቶ ማስቀመጥ ቦታ፣ የተለየ ጆንያና ተጨማሪ ሠራተኛ ይጠይቃል። በመጨረሻ ለሚመጣው ምርት የአንዱን ቀበሌ ቡና ለብቻው ለማቆየት ተስማምተዋል። ስሙ በከረጢቱ ላይ የሚታተመው ጆንያዎቹ ሳይቀላቀሉ እስከ መቁያው ከደረሱ ብቻ ነው።